«ከመነዳሪው ተቀይሯል» የተባለ የተሰፋ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት

የኮርስ ብስክሌት የምትነዱ፣ በተለይም ያገለገለ ቱቡላር (የተሰፋ) ጎማ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የምትዞሩ ወገኖቼ፣ እኔ የተታለልሁበት ነገር እናንተን እንዳያገኛችሁ ነው የምጽፈው። ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽ ወንድሜ ከእንጦጦ ሲወርድ መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማው ከቸርኬው ተንሸራቶ ወጣና ወደቀ። ክርኑና ጉልበቱ ተላልጧል፤ ከኋላው መኪና ስላልነበረ እግዚአብሔር አተረፈው። ጎማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ቱቡላር እንደ ተራው ጎማ ሆዱ ክፍት አይደለም። ጨርቁ ከመነዳሪውን ዙሪያውን ጠቅልሎ ከውስጥ በኩል ይሰፋል፤ በስፌቱ ላይ ጥብጣብ ይለጠፍበታል፤ ከዚያም ጎማው እንዳለ በማስቲሽ ቸርኬው ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ውስጡ ምን እንዳለ ከውጭ ማየት አይቻልም። ሻጩ «ለሁለቱም አዲስ ከመነዳሪ አስገብቼ ራሴ ነኝ የሰፋኋቸው» አለኝ። እፊቴ ነፋቸው፤ ጠነከሩ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ከፈልሁ፤ ለማጣበቂያ ብሎ የጠየቀኝን ስድስት መቶ ብርም ጨመርሁለት።

ከአደጋው በኋላ ጎማውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከፈትሁት። ጥብጣቡ በሱፐር ግሉ ስለተለጠፈ ደርቆ እንደ ብስኩት እየተሰባበረ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ስፌት የልብስ ስፌት ነጭ ክር ነው፤ በሁለት ቦታ ተበጥሷል። የፋብሪካው የስፌት ቀዳዳዎች ባዶ ቀርተው ከጎናቸው ጨርቁ እንደ አዲስ ተበስቷል። ከመነዳሪውን ስቤ ሳወጣውማ ጭራሽ አዲስ አልነበረም። ሦስት አሮጌ ልጥፎች አሉበት፤ ስፌቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ መርፌ የወጋው ደቃቅ ቀዳዳ አለ፤ ቫልቩ ደግሞ እንደ እርጎ በረጋ ነጭ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ተሞልቷል። ሱቅ ውስጥ አየር ይዞ የቆየው ለካ በዚያ ፈሳሽ ነው!

በትክክል የሚጠግን ሰው እንዴት እንደሚሠራ ብታውቁ አትታለሉም። መጀመሪያ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል። እዚያ ቦታ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ጥብጣብ ያነሣል፤ ስፌቱን ከመቁረጡ በፊት በሁለቱ ከንፈሮች ላይ አቋርጦ በእስክሪብቶ ያሰምራል፤ ይህም መልሶ ሲሰፋ ቀዳዳዎቹ እንዲገጣጠሙ ነው። ከመነዳሪውን ለጥፎ ሲጨርስ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት በሰም በታሸ ጠንካራ ክር፣ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ይሰፋል። ጥብጣቡን የሚመልሰው ሲደርቅም በሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው። ከመነዳሪው ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን አይተረትረውም፤ እንዲያ ከሆነ ጎማው ቅርጹን ያጣል። በቫልቩ አካባቢ ብቻ ከፍቶ አሮጌውን ይቆርጥና አዲሱን ጫፉ ላይ አስሮ እየሳበ ያስገባል፤ በመጨረሻ ሁለቱን ጫፎች ደራርቦ ያጣብቃል። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። «ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ሁለቱንም እቀይራለሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ማስቲሹንም አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2003 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ስፔናዊው ጆሴባ ቤሎኪ ወደ ፈረንሳይዋ ከተማ ጋፕ በሚያመራው ቁልቁለት ላይ፣ ሙቀት አስፋልቱን ባቀለጠበት ቀን፣ የኋላ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ወድቋል፤ የጭን አጥንቱ፣ ክርኑና የእጅ አንጓው ተሰበሩ። እርሱ የባለሙያ መካኒኮች ቡድን የነበረው ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም ቸርኬው ይግላል፤ ማስቲሹም ይለሰልሳል። የወንድሜ ቸርኬ ላይ ያገኘሁት ማስቲሽ መሐል ለመሐል የተሰመረ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። በቸርኬውም በጥብጣቡም ላይ ሙሉ ለሙሉ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና መቀባት ነበረበት፤ ከተጣበቀ በኋላም አንድ ሙሉ ቀን ሳይነዳ ማረፍ አለበት።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ይታያችሁ። የጥብጣቡን ጠርዝ በጥፍራችሁ ንኩት፤ ደርቆ የሚያብረቀርቅና የሚሰነጠቅ ከሆነ ትታችሁት ሂዱ። ጥቂት ብቻ አስነፍታችሁ አዙሩት፤ የሚያብጥ ወይም የሚጣመም ቦታ ካለው ስፌቱ ልክ አይደለም። የቫልቩ ልብ የሚፈታ ከሆነ አስፈትታችሁ ውስጡን እዩ። በተቻለ መጠን ተነፍቶ ይደር፤ የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ከመነዳሪ ግን ጤነኛም ሆኖ ሲያድር ስለሚለሰልስ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተጣበቀ ጎማ ከሆነ ደግሞ አየሩን አስወጥታችሁ ጠርዙን በሁለት አውራ ጣት ወደ ጎን ግፉት። በየትኛውም በኩል ብድግ ካለ እንዳትነዱት። «ለማንኛውም ቸርኬ ይሆናል» የሚባለውም ውሸት ነው፤ ቱቡላር የሚሆነው ለራሱ ቸርኬ ብቻ ነው።

የተከፈተውን ጎማ ይዤ ወደ ሻጩ ተመልሼ ነበር። «ተሸጦ የወጣ ዕቃ አይመለስም» አለኝ፤ የወንድሜን ክርን ሳሳየው ፊቱን አዞረ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ስድስት ቱቡላር ተሰቅሏል። ቀረብ ብዬ አየኋቸው፤ በአራቱ ጥብጣብ ጠርዝ ላይ ያው የደረቀ ሱፐር ግሉ ያብረቀርቃል።