አንድ ኤልቦ፣ ሁለት ቧንቧ ሠራተኛ፦ ደብረ ማርቆስ

ዘንድሮ ሦስት ሳምንት እናቴ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ከረምኩ። ስለ አውቶቡሱ ብዙ የምለው የለም። በሰዓቱ ወጣ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ደረስን። ሆቴል ያደርኩት አንድ ሌሊት ነው፤ «ሙቅ ውሃ አለ» ተባልኩ፣ አልነበረም። ወሬው ያለው ቧንቧው ላይ ነው።

ከሮቶው ወደ ወጥ ቤት የሚወርደው ፒፒአር (በሙቀት የሚጋጠም የፕላስቲክ ቧንቧ) ኤልቦው፣ ማለትም ማጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል። የመጀመሪያው ሠራተኛ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ 800 ብር ተቀበለኝ። ከሮቶው ሥር ያለው መዝጊያ አርጅቷል፤ ቢያጠብቁትም ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ እዚያው እርጥቡ ላይ ማሞቂያ ማሽኑን ሰካበት። ትሽሽ አለ። «ይይዛል፣ አታስብ» አለኝ። ማታ እራት ሳይቀርብ ግድግዳው ረጠበ።

አሜሪካ ሁለት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ረዳት ነበርኩ፤ ስለዚህ ትሽሽታውን አውቀዋለሁ። እዚያ ብዙ ቤት የመዳብ ቧንቧ አለው። በእሳት ይሞቅና ሶልደር (ቀልጦ መጋጠሚያውን የሚያጣብቅ ብረት) ይቀልጥበታል። ውስጡ ውሃ ከቀረ ግን ሙቀቱን ሁሉ ውሃው ይጠጣዋል። እርሳስ አልባ ሶልደር ለመቅለጥ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ውሃ ግን በ100 ይፈላል፣ ማርቆስን በመሰለ ከፍታ ደግሞ ወደ 92 ገደማ። ውሃው ተንኖ ካላለቀ መዳቡ አይግልም። እንፋሎቱም መጋጠሚያውን ጥሶ ሲወጣ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። ፒፒአር የሚገጠመው በ260 ዲግሪ ማሽን ነው፤ ጠላቱ ግን ያው ውሃ ነው።

እዚያ መላ ሲጠፋ የዳቦ ልብ እንጠቀጥቅበታለን። ውሃውን ለጊዜው ያግታል፣ በኋላ ውሃ ሲለቀቅ ሟሙቶ ይወጣል። እማዬን ዳቦ ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ ስነግራት፦

«እህል ቧንቧ ውስጥ? ምነው ልጄ፣ ግፍ አትፈራም?»

ዳቦው ወደ መሶቡ ተመለሰ።

ሁለተኛውን ሰውዬ ጎረቤት ጠራልን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እመጣለሁ ብለው 6 ሰዓት መጡ፤ ይህን አልደብቅም። ሲመጡ ግን ማሽኑን ከቦርሳ እንኳ አላወጡም። «መዝጊያው ካልተቀየረ አልነካውም» አሉ። ሮቶው ግማሽ ውሃ ነበረበት። ጀሪካን ሞላን፣ ባልዲ ሞላን፣ የእማዬ የጠላ ጋን ሳይቀር ሞላን። ግቢ ያለውን ዝቅተኛውን ቧንቧ ከፈቱ፣ ላይኛውንም ከፈቱ። «አየር ካልገባለት አይወርድም» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ቡና ጠጡ፤ እስከ ሁለተኛው። ቧንቧው ሲነጥፍ ሽቦ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ውስጡን ወለወሉት።

«ጋሼ፣ ይበቃል እኮ» አልኩ።

«አንተ ነህ የምትሠራው?»

የ20 ሚሊ ቧንቧ ነው፤ ማሽኑ ላይ ድምፅ አውጥተው እስከ አምስት ቆጠሩ። ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ሰኩት፣ ያዙት። አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ እንዳንለቅ ከለከሉ። ከነመዝጊያው ቅየራ 1,500 ብር ለእጃቸው ከፈልኩ። እስክሄድ ጠብ አላለም።

የቆረጡትን የልጁን ኤልቦ በመጋዝ ሰንጥቀው አሳዩን። መጋጠሚያው ውስጥ ለውስጥ ዓይን ዓይን አውጥቷል። እማዬ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«እንጀራ ቢሆን እንዴት ያምር ነበር» አለች።