ስካነራችንን ለቤቱ ሁሉ ላዳረሰልን ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ በሰው ፊት የማመሰግነው ልጅ አለኝ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። «ስሜን አያውጡት» ስላለኝ ስሙን ትቼ ሥራውን ልንገራችሁ።

እኔ ቤቴ ተቀምጬ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ይመጣልኛል። ስካነር ለእኔ እንደ ምጣድ ነው፤ ያለ እሱ እንጀራ የለም። ያለኝ ካኖን ላይድ 110 ነው። ቀጭን ናት፤ ኃይል እንኳ የምታገኘው ከዚያችው ከዩኤስቢ ኬብሏ ነው። ግን የምትሠራው ከተሰካችበት ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው። ባለቤቴ ሲፈልጋት ነቅሎ ይወስዳታል። ልጄ አሳይመንቷን ስካን ለማድረግ ከሥራዬ ታስነሳኛለች። ከዚያ በፍላሽ ማመላለስ ነው። አንድ ቀን በዚያው ፍላሽ ቫይረስ ገብቶ የደንበኛ ፋይል በሙሉ ሾርትከት ሆኖብኝ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ። ኬብሉም ሲነቀል ሲሰካ ላልቶ፣ በእጄ ደግፌ ይዤ ስካን እስከማደርግ ደረስኩ።

ቀደም ብዬ ሁለት ሰው ጠይቄ ነበር። ሁለቱም «ዋይፋይ ያለው አዲስ ግዢ» አሉኝ። እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቤት ውስጥ የማትጠቀሙበት አሮጌ ኮምፒውተር አለ?» ብሎ ነው። አለ! አልጋ ሥር አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ። አውጥቶ አራገፈው፣ ከፈተው፣ «ይቺ ትበቃናለች» አለ።

እየሠራ ያስረዳኛል። ፕሪንተርን ዊንዶውስ ላይ ሼር ማድረግ ይቻላል። በዩኤስቢ የተሰካ ስካነርን ግን እንደዚያ በቀላሉ ሼር ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ስካነሯን ለአሮጌዋ ኮምፒውተር ሰጣት፤ ሌሎቻችን በኔትወርክ እንድንጠይቃት። በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሯን የሚያንቀሳቅስ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነ፣ ሴን የሚባለውን የስካነር ፕሮግራም ጫነ፣ ከላዩ ስካነሯን በኔትወርክ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያዳርስ ኤርሴን የሚባል ሌላ ጨመረ። ሁሉም ነጻ ናቸው፣ ብር አልተከፈለባቸውም። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጽፎ ስካነር ፈለገ። የለም አለው። ልቤ ወደቀ። እሱ ግን ተረጋግቶ ያንኑ ትእዛዝ በአስተዳዳሪ መብት ደገመው፤ የስካነሯ ስም ብቅ አለ። «ማሽኑ አይቷታል፤ ያጣነው ፈቃድ ብቻ ነው» አለኝና ፈቃዱን አስተካከለው።

ልቤን የነካኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሊሞክራት ሲል ጠረጴዛዬ ላይ የደንበኞች ወረቀት ተደርድሯል። አንዱንም አልነካም። «እናቴ፣ የሰው ወረቀት ያንሱልኝ፤ ለሙከራ የራስዎን ነገር ይስጡኝ» አለ። የልጄን አሮጌ የሒሳብ ደብተር ሰጠሁት። ልጄ ሳሎን ሆና ላፕቶፗ ላይ ብራውዘር ከፍታ የአሮጌዋን ኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ ጻፈች፣ ስካን የሚለውን ነካች። መኝታ ቤት ያለችው ስካነር እዝዝዝ ብላ ተነሳች። ሁለታችንም ጮህን።

ሲዘገይብኝ ደግሞ ምክንያቱን አሳየኝ። ለካ ሁልጊዜ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው) ላይ ነበር የማደርገው። አንድ ባለ ቀለም ኤፎር ገጽ በዚያ መጠን ሳይታመቅ ወደ 104 ሜጋባይት ይሆናል። በ300 ሲሆን ወደ 26 ይወርዳል። ለሰነድ 300 ከበቂ በላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ስካነሯ ጠፋች። ደወልኩለት። በማግስቱ መጣ። ራውተሩ ለአሮጌዋ ኮምፒውተር ሌላ አድራሻ ሰጥቷት ኖሯል። ራውተሩ ላይ ገብቶ አድራሻዋ ሁልጊዜ 192.168.1.50 እንዲሆን አሰረላት። መብራት ሲመጣም ሰው ሳይነካት ራሷ እንድትነሳ ባዮሷን (ኮምፒውተሯ ስትነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አስተካከለ። በዚያው የራውተሩን የፋብሪካ ፓስወርድ አስቀየረኝ። ስካነሯም ከቤታችን ኔትወርክ ውጭ እንዳትታይ አረጋግጦ፣ እንግዳ የሚጠቀምበትን ዋይፋይ ለየው። የሰው ማስረጃ የሚያልፍበት ቤት ስለሆነ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ሁሉ ሁለተኛ ሒሳብ አልጠየቀኝም። የትራንስፖርት ልስጥህ ብለው «ሥራዬን ነው የጨረስኩት» ብሎ እምቢ አለ። ቡና ግን ጠጥቶልኛል፣ እስከ ሦስተኛው።

አድራሻውንና አሠራሩን በአማርኛ በእስክርቢቶ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎልናል። ባለቤቴ እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ እያየ ይሠራል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ወልደህ ሳም።

ልጁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ፣ በሌላው ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። ከመደወላችሁ በፊት ስካነራችሁን ገልብጣችሁ ሥሯ የተጻፈውን ሞዴል ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሁሉም ስካነር በሊኑክስ ስለማይሠራ፣ የእናንተ የማይሆን ከሆነ ገና በስልክ ይነግራችኋል።