ርካሹ የክሩዝ ትኬት ወይስ ቲፕ ያለቀለት? ከመቁረጣችሁ በፊት ሂሳቡን እዩ

የእረፍት ወራት ሲቃረቡ ስልኬ ላይ ተመሳሳይ መልእክት መምጣት ይጀምራል። የክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ ላይ እያደሩ ከወደብ ወደብ የሚዞሩበት ጉዞ፣ የማስታወቂያ ፎቶ ይላክልኛል። ሰባት ሌሊት፣ ለአንድ ሰው 700 ዶላር፣ ምግብና መኝታ ያካተተ። ከሥሩ "ልቁረጠው?" የሚል ጥያቄ አለ። እኔም ሁሌ በጥያቄ እመልሳለሁ፦ "ቲፑስ?" ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ከማወራ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የማነጻጽረው ሁለት ዓይነት አሻሻጥ ነው። በመጀመሪያው ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ቲፕ፣ መጠጥ፣ ኢንተርኔትና የወደብ ሽርሽር (መርከቡ ሲቆም ወርዶ የሚደረግ ጉብኝት) ግን ለየብቻ ይከፈላል። ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ኖርዊጂያንና መሰሎቻቸው እዚህ ውስጥ ናቸው። በሁለተኛው ቲፑ፣ አንዳንዴም መጠጡ፣ ከትኬቱ ጋር ተከፍሎ ያልቃል። የእንግሊዞቹ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስና ማሬላ፣ የጀርመኖቹ አይዳና ማይን ሺፍ እንደዚህ ናቸው። ዋጋው ከፍ ሲል ደግሞ ሪጀንት፣ ሲልቨርሲና ሲቦርን አሉ። ስለ መርከቡ ፎቆችና ስለ መዋኛ ገንዳው አላወራም፤ እሱ በየማስታወቂያው አለ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ጉዞዬን በርካሹ ትኬት ነበር የሄድኩት። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሳምንቱ ደስ የሚል ነበር። በመጨረሻው ሌሊት ግን በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ገባ። ገልጬ ሳየው መርከቡ ላይ ያወጣሁት ገንዘብ ከትኬቱ ዋጋ በልጧል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነበር። አንድም የተጭበረበረ መስመር አልነበረበትም። ሁሉንም ፈርሜበታለሁ።

ከሁሉም የቆጨኝ የባሩ ደረሰኝ ነው። መጠጥ ባዘዝኩ ቁጥር የምፈርምበት ወረቀት ላይ "ተጨማሪ ቲፕ" የሚል ባዶ መስመር ነበር። ባዶ ሆኖ ሳየው ገና ያልከፈልኩ መሰለኝ። አራት ቀን ሙሉ ሁለት ሁለት ዶላር እየጻፍኩ ፈረምኩ። በአምስተኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ ሳየው ከመስመሩ በላይ 18 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ አስቀድሞ ተደምሯል። ገንዘቡ ለሚሠራ ሰው ስለሄደ አልከፋኝም። የከፋኝ አስቤበት የሰጠሁት አለመሆኑ ነው።

ቲፑ ሲደመር ስንት ይመጣል?

ድሮ ተሳፋሪው በየማታው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅ ነበር የሚስተናገደው። በመጨረሻው ሌሊት ለአስተናጋጁና ክፍሉን ላጸዳለት ሰው ገንዘብ በፖስታ አድርጎ በእጃቸው ይሰጣል። ኖርዊጂያን በ2000 እ.ኤ.አ. "ፍሪስታይል" ያለውን አሠራር ሲያመጣ ሰው በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ምግብ ቤት መብላት ጀመረ። በየቀኑ አስተናጋጁ ከተለያየ ፖስታው ለማን ይሰጣል? ቲፑ በቀን ተተምኖ በቀጥታ ከተሳፋሪው ሂሳብ ላይ መቆረጡ እንደዚህ ባለው ለውጥ ነው የተለመደው።

አሁን ሮያል ካሪቢያን በተራ ካቢን (መኝታ ክፍል) ለአንድ ሰው በቀን 18.50 ዶላር፣ በሰፊው ስዊት 21 ዶላር ይቆርጣል። ኖርዊጂያን 20 እና 25 ዶላር ነው። "በቀን 18 ተኩል" ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ለሁለት ሰው ለሰባት ሌሊት 259 ዶላር ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ 518 ይሆናል። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ዕድሜያቸውን አስቡ። ሮያል ካሪቢያን ዕድሜ አይለይም፤ ጡት የሚጠባ ሕፃንም ይቆጠርበታል። ካርኒቫል ከ2 ዓመት በታች፣ ኖርዊጂያን ከ3 ዓመት በታች ያሉትን አያስከፍልም። ይህን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሻጭ ብርቅ ነው።

ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዋጋ ሲተዋወቅ የግዴታ ክፍያዎች አብረው እንዲታዩ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ትልልቆቹ የክሩዝ ድርጅቶችም በመላው አሜሪካ ግብሩንና የወደብ ክፍያውን በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ጥሩ ነው። የቀን ቲፑ ግን አሁንም ከዚያ ዋጋ ውጭ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። የቀን ቲፑ ክፍል የሚያጸዱትን፣ ምግብ የሚያቀርቡትንና ከጀርባ የሚሠሩትን ነው የሚመለከተው። ባሩን፣ ስፓውንና ተጨማሪ የሚከፈልባቸውን ምግብ ቤቶች አይጨምርም። እነሱ የራሳቸው ሰርቪስ ቻርጅ አላቸው፤ ሮያል ካሪቢያን ላይ 18 በመቶ፣ ኖርዊጂያን ላይ 20 በመቶ።

"ነጻ" የተባለው መጠጥ

ጓደኞቼ በብዛት የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። ኖርዊጂያን "ፍሪ አት ሲ" በሚል ስም ሲሸጥ በኖረው ቅናሽ ውስጥ የመጠጥ ፓኬጅ (በየመጠጡ ሳይሆን በቀን ተተምኖ የሚከፈል) "በነጻ" ይሰጣል። ፓኬጁ ነጻ ቢሆንም የፓኬጁ ሰርቪስ ቻርጅ ነጻ አይደለም። ለምሳሌ ፓኬጁ በቀን 109 ዶላር ተብሎ ሲተመን የእሱ 20 በመቶ ይጠየቃል። በቀን 21.80 ዶላር ማለት ነው። ለሁለት ሰው ለሰባት ሌሊት 305.20 ይመጣል። በዚህ ላይ 280 ዶላር የቀን ቲፕ አለ። ስለዚህ "ነጻ" ያለው ጉዞ ከትኬቱ ሌላ 585.20 ዶላር ይፈልጋል። ብዙ ለሚጠጣ ሰው ይህም ቢሆን አዋጭ ሊሆን ይችላል። ለምሳ አንድ ቢራ፣ ለእራት አንድ ብርጭቆ ወይን ለሚበቃው ሰው ግን በፍጹም አያዋጣም።

ፓኬጁን በገንዘብ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ላይ አንድ ሰው የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ በዚያው ካቢን ያሉ አዋቂዎች በሙሉ መግዛት አለባቸው። ባል ይጠጣል፣ ሚስት አትጠጣም እንበል፤ የሁለት ሰው ነው የሚከፈለው። የካርኒቫሉ "ቺርስ" በቀን ከ15 የአልኮል መጠጥ በላይ አይሰጥም፤ እዚያ የሚደርስ ሰው ብዙም ያለ አይመስለኝም።

ሙሉውን ሂሳብ አብረን እናስላው። ለሁለት ሰው ትኬት 1400 ዶላር። የቀን ቲፕ በ18.50 ሂሳብ 259። ኢንተርኔት ለአንድ ስልክ በቀን 20 ዶላር ብንለው 140። እስከዚህ 1799 ነው። የመጠጥ ፓኬጅ በቀን 70 ዶላር ብታገኙት 18 በመቶ ሲጨመርበት 82.60 ይሆናል፤ ለሁለት ሰው ለሳምንት 1156.40። ጠቅላላው 2955.40 ደረሰ። የተላከልኝ ፎቶ ላይ የነበረው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ገና ሽርሽር የሚባል ነገር አልነካንም።

ቲፕ ያለቀለት ትኬት ላይ ግን የምታስቡት የቀረውን ብቻ ነው። ፒ ኤንድ ኦ በሜይ 2019 በቀን የሚቆርጠውን ክፍያ አስቀርቶ ትኬቱ ውስጥ አስገባው። አይዳም ቲፕ አካትቶ ይሸጣል፤ በቡፌ ምግብ ቤቶቹ ከምግብ ጋር የሚቀርበውን ቢራ፣ ወይንና ለስላሳም አያስከፍልም። ማሬላና ማይን ሺፍ ቲፑንም ብዙውን መጠጥም ጨምረው ይሸጣሉ። አይዳና ማይን ሺፍ ላይ ሁሉ ነገር በጀርመንኛ ነው፤ ቋንቋውን የማትችሉ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሪጀንት የወደብ ሽርሽሩን ሳይቀር ይጨምራል፤ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። ከቲፕ ለመሸሽ ብላችሁ እዚያ ድረስ አትውጡ።

"ቲፑን ላስቀረው?"

ይህን የጠየቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። በአሜሪካኖቹ መርከቦች ላይ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዶ የቀን ቲፑን ማስቀነስ ወይም ማሰረዝ ይቻላል። እኔ አታድርጉት ነው የምለው። መርከቦቹ በብዛት የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ፓናማ፣ ማልታና ቤርሙዳ ስለሆነ ሠራተኞቹ በአብዛኛው በአሜሪካ የሥራ ሕግ አይተዳደሩም። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በቀን እስከ 14 ሰዓት፣ በሳምንት እስከ 72 ሰዓት ሥራ ይፈቅዳል። አልጋችሁን የሚያነጥፈው ሰው ለወራት ከቤተሰቡ ተለይቶ ነው የሚሠራው። ገቢው ከዚያ ቲፕ ጋር የተያያዘ ነው። ድርጅቱ ላይ ብትናደዱ እንኳ የምትቀንሱት ከእሱ ላይ ነው።

ቲፕ ያለቀለትን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። የሠራተኛ ደሞዝ ዋጋው ውስጥ ይግባ። የሰው እንጀራ በእኔ ደስታና ብስጭት ላይ መንጠልጠሉ ደስ አይለኝም። በተለየ ለረዳኝ ሰው የምሰጠው ካለ ያኔ በእጄ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ስጦታ ነው።

ከቲፕ ሌላ ያየሁትንም ልጨምር። መርከቡ ላይ በኢንች እየተለካ የሚሸጥ የወርቅ ሰንሰለት ነበር። ርዝመቱን መርጣችሁ ይቆረጥላችኋል። ለእህቴ ገዛሁላት። ሁለት ወር ሳይሞላው መላጥ ጀመረ፤ ከሥሩ ሌላ ብረት ወጣ። ወርቅ ሠሪ ጋ ብወስደው የተቀባ ነው አለኝ። እንደገና ለማስቀባት የጠየቀኝ ሰንሰለቱን ከገዛሁበት በላይ ነው። እንደዚያው ተቀምጧል። መርከብ ላይ "ዛሬ ብቻ" እየተባለ የሚሸጥ ጌጥና ሰዓት ምንም ቢያምር እለፉት። ቤት ገብታችሁ ሲበላሽ የምትመልሱበት ሱቅ ባሕር ላይ ነው ያለው።

ካርዱንም አደራ። ስትሳፈሩ ካርድ ያስመዘግቧችኋል። ዴቢት ካርድ ከሰጣችሁ ሂሳባችሁ ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ፤ የተያዘው የሚለቀቀው ከጉዞው በኋላ ቀናት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ከመርከብ ወርጄ ለታክሲ እንኳ ካርዴ አልሠራ ብሎኛል። ክሬዲት ካርድ ስጡ፤ ከሌላችሁ ጥሬ ገንዘብ አስይዙ።

ስልካችሁን መርከቡ ሲነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የመርከቡ የሞባይል መስመር በሳተላይት ስለሆነ ሮሚንጉ ያቃጥላል። ሕክምና ትኬቱ ውስጥ የለም፤ ከመርከብ በሄሊኮፕተር የሚወጣ በሽተኛ የአስር ሺዎች ዶላር ሂሳብ ሊመጣበት ስለሚችል ያለ ጉዞ ኢንሹራንስ አትሂዱ። ሽርሽር ወደብ ላይ በራሳችሁ ስትይዙት ይረክሳል፤ ብትዘገዩ ግን መርከቡ አይጠብቃችሁም። አዳዲስ ክፍያዎችም አሉ። ግሪክ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በአውሮፓ የበጋ ወራት ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ከእያንዳንዱ የክሩዝ ተሳፋሪ 20 ዩሮ ትወስዳለች። ትኬታችሁ ውስጥ መግባቱን ጠይቁ።

ርካሹ ትኬት ለማን ይሆናል? አልኮል ለማይጠጣ፣ ኢንተርኔት ወደብ ላይ ለሚበቃው፣ ከመርከቡ ሱቅ ምንም ለማይገዛ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው መጠጥ ጭምር ያለቀለት ትኬት ቢገዛ የሌሎችን መጠጥ ነው የሚከፍለው። ለእሱ የሚሻለው ቲፑ ብቻ የገባበት ነው፤ ካላገኘ ርካሹን ይቁረጥና ቲፑን አስቀድሞ ይክፈል። አስቀድሞ የከፈለ ሰው በመሃል የቀን ቲፑ ቢጨምር በድሮው ዋጋ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ሁለት ዋጋ ይዛ መጣች። ተመሳሳይ ወደቦች፣ ሰባት ሌሊት። ቲፕ ያለቀለቱ ለአንድ ሰው በ110 ዶላር ይወደዳል። በርካሹ መርከብ በቀን 18.50 ሂሳብ የአንድ ሰው የሳምንት ቲፕ 129.50 ነው። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። 19 ዶላር ከ50 ሳንቲም እያተረፈች ውዱን ቆረጠችው።