የሃርት የጦር መኮንኖች ዝርዝር፦ ነጻ ነው፣ ግን ዓይን ይፈትናል

ወደ መቅደላ የዘመቱትን የእንግሊዝ መኮንኖች የኋላ ታሪክ ለሚያጠና ሰው፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ በነጻ ያስቀመጠውን የሃርትን ዝርዝር፣ ማለትም የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች በየዓመቱ ይመዘገቡበት የነበረውን መጽሐፍ፣ የሚያህል የለም። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መቅደላ የወደቀችው በሚያዝያ 1868 ስለሆነ የ1869ን እትም ይክፈቱ። ስሙን ከኋላው ማውጫ ፈልገው ወደ ሬጅመንቱ (የጦር ክፍሉ) ገጽ ይሂዱ፤ ለምሳሌ ወደ 33ኛው እግረኛ። የውጊያ ታሪኩ በግርጌ ማስታወሻው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

የዝርዝሩ ጌጥ ከሹመቱ ቀን በፊት የምትቀመጠው ትንሿ «ፒ» (p) ናት፦ ማዕረጉ በገንዘብ ተገዝቷል ማለት ነው። በእግረኛ ጦር የመጀመሪያው የመኮንንነት ማዕረግ 450 ፓውንድ፣ ሌተናንትነት 700፣ ካፒቴንነት 1,800 ነበር። መኮንኑ ከፍ ሲል የሚከፍለው ልዩነቱን ነው፤ ከሌተናንት ወደ ካፒቴን 1,100። የባለርስት ልጅ ቶሎ የሚያድገውም በዚሁ ነበር። ከታሪፉ በላይ በጓሮ የሚከፈለውን ግን ዝርዝሩ አያሳይም። ግዢው በ1871 ቀርቷል። በመሐንዲስና በመድፈኛ ክፍል ጭራሽ ስላልነበረ መሐንዲስ በነበረው በዘመቻው አዛዥ በጄኔራል ናፒየር ስም አጠገብ «ፒ»ን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ጀማሪን የሚያሳስተው የክብር ማዕረግ ነው፤ አንድ ሰው በሠራዊቱ ሻለቃ፣ በሬጅመንቱ ግን ካፒቴን ሊሆን ይችላል። የፍለጋ ሳጥኑም ደቃቁን ጽሑፍ አሳስቶ ያነባል፤ «አልተገኘም» ቢል አይመኑት፣ ገጹን ራስዎ ይግለጡ። ተራ ወታደር እዚህ የለም።