ለጥልፍ ማሽኔ ከገበያ የጠፋውን መለዋወጫ ዕቃ ፈልገው ላገኙልኝ የመርካቶው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም የተቃጠለ የማሽን ቦርድ (ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚገጠሙበትን ሰሌዳ) በፌስታል ይዞ ከሱቅ ሱቅ የሚንከራተት ሰው ካለ አንብቦ እንዲያርፍ ብዬ ነው። እኔ ተንከራትቻለሁና ድካሙን አውቀዋለሁ።

ሽሮ ሜዳ ትንሽ የጥልፍ ቤት አለችኝ። የምንሠራው በኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ነው። ማሽኑ የጃፓን ሥሪት፣ ያገለገለ ነው። የገዛሁት ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው። አብረውኝ ሁለት ልጆች ይሠራሉ። ሦስታችንም የምንበላው ከዚያ ማሽን ነው።

የእኛ ሥራ ወቅት አለው። ከገና ዋዜማ ጀምሮ ጥር እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ነው የምንጠብቀው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል እኛ ቤት ቶሎ የሚታሰበው የቤት ኪራይ ነው። በላዩ ላይ ጥር የሠርግ ወር ነው። አንዷ ሙሽራ ከአሜሪካ መጥታ እዚህ ልትዳር የእሷንም የሚዜዎቿንም ቀሚስ እኛ ጋ አዝዛለች። ሸማኔው ጥበቡን ጨርሶ አስረክቦናል። የቀረው የእኛ ጥልፍ ብቻ ነበር።

ማሽኑ የቆመው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ቦግ አሉ። ከማሽኑ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። ውስጡ ያለው ቦርድ ተመትቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው ቦርዱን ተቀበለኝና «ነገ ነይ» አለኝ። በነጋታው ስሄድ አሁንም ነገ። ከነገ ወዲያ ስሄድ «ቦርዱ ላይ የሚቀየረው ዕቃ የለም፣ እያፈላለግሁ ነው»። ሰልችቶኝ ቦርዱን መልስልኝ አልኩት። መለሰልኝ። ኋላ እንደተነገረኝ ግን ከላዩ ላይ ደህና የነበሩ ዕቃዎች ተነቅለዋል። በሰው እንጀራ ላይ እንዲህ ይደረጋል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ቦታ ትልቅ ሱቅ ነው። መስታወት ያለው፣ የእንግዳ ወንበር ያለው። ዕቃው ከቻይና ይመጣል ብለው ግማሹን አስከፈሉኝ። ስደውል «መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። ቀጥሎ «ጉምሩክ ይዞታል» አሉኝ። በመጨረሻ ስልኬን ማንሳት ተዉ። የገዛ ብሬን ለማስመለስ ደጃቸው ላይ ስንት ቀን ቆሜያለሁ! የተመለሰልኝም ተቆራርጦ ነው።

ሌላው ደግሞ ቦርዱን ገልበጥ አድርጎ እንኳን ሳያይ «ይህ አይጠገንም፣ ሙሉ ቦርዱን ቀይሪ» አለኝ። ዋጋውን በዶላር ነገረኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ እኛ ትንንሾቹ ዶላር የሚል ቃል ስንሰማ ሆዳችን ይባባል። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ነው ከመቶ ብር ያለፈው። የተጠየቅሁትን ስመታው የሙሽራዋ ሥራ ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ሥራ አይከፍለውም።

ያስለቀሰኝ ግን የመጨረሻው ነው። «አገኘሁልሽ!» ብሎ ራሱ ደወለልኝ። ዕቃውን ገጠመ። ዋጋውን ተቀበለ፣ ያውም ጠና ያለ ዋጋ። ማሽኑን ስናበራ ዞረ። ልጆቹ እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ ጭስ ወጣ። መልሼ ስደውልለት «የማሽንሽ ችግር ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ የእጅ ጥልፍ ጠላፊ ናት። እኔንም ወንድሞቼንም በመርፌ ነው ያሳደገችን። ፋኖስ አብርታ እየጠለፈች፣ እኛ አጠገቧ እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ዓይኗ ደክሞ ከተወች ቆይታለች። ያን ቀን ጭሱን ካየች በኋላ ምንም አልተናገረችም። ማታ ስመጣ ግን መነጽሯን አድርጋ፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስትታገል አገኘኋት። «በእጄ እጀምርላታለሁ» አለችኝ። ያን ማየት አልቻልኩም። ወጥቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ መርካቶ ክር ልመልስ ሄድኩ። ክር የምታቀርብልኝ ነጋዴ ፊቴን አይታ ምን ሆነሽ አለችኝ። ነገርኳት። «ውይ! ጋሼ ጋ ሳትሄጂ ነው ይህን ሁሉ የተንገላታሽው?» አለችና ሱቋን ለልጇ ትታ ራሷ ይዛኝ ሄደች። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ።

የጋሼ ሱቅ ሱቅ ለማለት ይከብዳል። ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ትንንሽ መሳቢያ ነው። እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ በእጃቸው ቁጥር ጽፈዋል። ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል ብዬ እገምታለሁ። ተግባረ ዕድ ነው የተማሩት። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፣ ዛሬ ሌላው እምቢ ያለው ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። አጠገባቸው ከቴክኒክና ሙያ የወጣች አንዲት ልጅ አለች። እያስተማሯት ነው።

ቦርዱን ከመንካታቸው በፊት ቁጭ አስባሉኝ። መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ምን ሆነ? ምን ሰማሽ? ምን ሸተተሽ? ሐኪም ዘንድ የቀረብኩ ነው የመሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ መነጽራቸው ላይ ማጉያ ጨምረው አዩትና «ይህን ከኋላ የገጠመው ማነው?» አሉኝ። ስም ልጠራ ስል እጃቸውን አነሱ። «ስሙን አልፈልግም ልጄ። መቼ እንደተገጠመ ብቻ ንገሪኝ።»

ቀጥሎ ያደረጉትን አልረሳውም። ከመሳቢያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አወጡ። አዎ፣ ሴቶች የምንጠቀምበት። ጥጥ ነከር አድርገው ያንን የተቃጠለ ጥቁር ዕቃ ጀርባ አሹት። ጽሑፉ ለቅቆ ጥጡ ላይ ቀረ! ከሥሩ የተፋቀ ነገር ታየ። «አየሽ? የርካሽ ዕቃ ቁጥር ፍቀው ያንቺን ቁጥር ጽፈውበታል። እውነተኛ ቢሆን ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይለቅም» አሉኝ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። እሳቸው ግን «ልጁም ተታሎ ገዝቶ ይሆናል፣ አትርገሚው» አሉ።

ለምን ዕቃው እንደጠፋም በቀላሉ አስረዱኝ። የስልክና የቴሌቪዥን ዕቃ ሁሉም ስለሚፈልገው በየሱቁ አለ። የእኔ ዓይነት ማሽን ግን ከተማው ውስጥ ጥቂት ነው። ያ ዕቃ ደግሞ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ቆይቷል። ጥቂት ሰው ለሚጠይቀው ነገር ዶላሩን የሚያስር ነጋዴ የለም። ስለዚህ «አዲስ፣ እሽግ» ተብሎ በድንገት ከተገኘ መጠርጠር ነው። ያገለገለ ግን እውነተኛ ይሻላል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል እንኳን ከተለወጠች ዕቃው ሌላ ሊሆን ይችላል አሉኝ። ለምን እንደሆነም ነገሩኝ፣ እሱ ግን አልገባኝም።

አሁን የምነግራችሁ ይህን ጽሁፍ ያጻፈኝን ነገር ነው። መሳቢያቸው ውስጥ ተቀራራቢ ዕቃ ነበራቸው። አወጡና መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «ይህን ብገጥምልሽ ዛሬ ማታ ይሠራልሻል። ግን አቅሙ ያነሰ ነው። ሠርጉ ሳይደርስ ያቆምብሻል። ስለዚህ አልገጥመውም» አሉኝ። ለመንኳቸው። እንደምንም ትዝለቅልኝ፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አልኳቸው። ብሩን ቆጥሬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወደ እኔ መልሰው ገፉት። «እያወቅሁ የሚቃጠል ነገር አልሸጥልሽም። እፈልግልሻለሁ፣ ታገሺኝ» አሉኝ።

አስቡት። ብሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደንበኛዋ እያለቀሰች ትለምናለች። ነገ ቢቃጠልም «የማሽንሽ ችግር ነው» ማለት ይቻላል። እኚህ ሰው ግን እምቢ አሉ። ከዚያ ሁሉ መንከራተት በኋላ እምቢ መባል እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ፈለጉ። ለሚያውቋቸው የሊፍት ጠጋኞች ደወሉ። የሕክምና መሣሪያ ለሚሠሩ ደወሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ምናለሽ ተራ ይወርዳሉ። ከየመሥሪያ ቤቱ የወጣ አሮጌ ዕቃ ሲራገፍ ቀድመው ለመድረስ ነው። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። በሰባ ዓመታቸው ከተከመረ ብረታ ብረትና ቦርድ መሃል ተቀምጠው አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ በማጉያቸው ቁጥር እያነበቡ! ሻጮቹ ሁሉ ያውቋቸዋል። «ጋሼ፣ ዛሬስ የማንን ነው የሚፈልጉት?» ይሏቸዋል። «የዚህችን ልጅ» ይላሉ እኔን እያሳዩ።

የተገኘው ካረጀ ዩፒኤስ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ባትሪ የሚይዘው ሳጥን። እዚያው በርጩማ ላይ ሆነው በቴስተር ለኩት፣ ደገሙት፣ ሰለሱት። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ እናትሽን መርፌውን ይተዉት በያት» አሉኝ። ስለ እናቴ የነገርኳቸው መጀመሪያ እሳቸው ጋ የሄድኩ ቀን ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሳቸው ይዘውት ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ሽሮ ሜዳ ድረስ መጡ። ልጅቷ ቦርሳቸውን ይዛ አብራ መጣች። ቦርዱን ገጥመው ሲያበቁ ማሽኑን ወዲያው አላበሩትም። በመስመሩ መሃል አንድ የድሮ ባለ ክር አምፖል አስገቡ። «የቀረ ብልሽት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ቦርዱ ግን ይተርፋል» አሉን። ያለፈው ጭስ ትዝ ብሎን ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። «በሉ ደህና ነው» አሉ። አምፖሉን አውጥተው ማሽኑን አበሩት። ዞረ። ማንም እልል አላለም፣ ፈርተናል። መርፌው አንድ ሙሉ መስቀል ጠልፎ ሲጨርስ እናቴ ናት እልልታውን ያቀለጠችው።

ገንዘቡን ያን ቀን አልተቀበሉም። «ሳምንት ይሥራ፣ ካልቆመ ያኔ ትከፍይኛለሽ» አሉ። ሲቀበሉም የዕቃውን ዋጋ ለብቻ፣ የእጃቸውን ለብቻ ነገሩኝ። ድምሩ ለዚያ ጭስ ከከፈልኩት ያንሳል። የነቀሉትንም ዕቃ በወረቀት ጠቅልለው መለሱልኝ። እናቴ ያቀረበችላቸውን ምሳ ግን እምቢ አላሉም።

ማሽኑ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። የሙሽራዋም ቀሚስ ደረሰ፣ የሚዜዎቹም ደረሰ፣ የጥምቀቱም ደረሰ። ልጆቹ ደመወዛቸውን በሰዓቱ ወሰዱ። ጋሼ ባዘዙኝ መሠረት የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት የሚያስተካክል ስታብላይዘር ገዝቻለሁ፣ የመሬት ሽቦም አስገብቻለሁ። አሁን መብራት ሲሄድ ዋናውን ማጥፊያ እንዘጋለን። ተመልሶ ሲመጣም ትንሽ ጠብቀን ነው የምንከፍተው። ማሽን ያላችሁ ሁሉ ይህን አድርጉ፣ በነፃ የሰጡኝ ምክር ነው።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ የጥልፍ ማሽን፣ የማተሚያ ማሽን፣ የዳቦ ቤት ማሽን፣ የክሊኒክ ዕቃ ቆሞባችሁ «አይጠገንም» ከተባላችሁ ከመጣላችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። ዶላር ከመፈለጋችሁ በፊት ሂዱ። አሁንም እደግመዋለሁ፣ ሂዱ። ሊሠሩት የማይችሉትን አልችልም ይሏችኋል፣ አያመላልሷችሁም። ጊዜያችሁንም ብራችሁንም ያከብራሉ። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ከተማ ማሽናችን ለብረት ሻጭ መሄድ የለበትም።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ሥራው እንዳይበዛባቸው ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ግን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ቦታው መርካቶ ነው፣ ከራጉኤል ብዙ አይርቅም። ስትሄዱ ቦርዱን ብቻ ሳይሆን ከላዩ ላይ የተነቀለውንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢቃጠልም አትጣሉት። ቁጥሩ የሚነበበው ከእሱ ላይ ነው። ቀድሞ የነካው ሰው ካለም ሳትደብቁ ንገሯቸው። እሁድ ጠዋት ግን አትደውሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።