ከአዲስ አበባ የንግድ ጠበቃ መቅጠር ያዋጣል?

ያዋጣል። ለሁሉም ጉዳይ ግን አይደለም።

ደብረ ብርሃን ላይ የከብት መኖ አቀነባብራለሁ። መፍጫ ማሽን ከአንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ገዛሁ፤ ውሉ ላይ የተጻፈውን ሊፈጭ ቀርቶ ግማሹንም አልሞላ አለ። ሻጩ «ሠራተኞችህ ናቸው ያበላሹት» ብሎ ድርቅ። እዚህ የማውቀው ጠበቃ ጎበዝ ነው፣ የመሬትና የውርስ ጉዳይ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰጠው። ይሄን ግን ራሱ «ንግድ ላይ የሚሠራ ሰው ፈልግ» አለኝ። በዚህ አከበርኩት።

የአዲስ አበባዋ ጠበቃ ገና ሳልቀመጥ «ጉድለቱን ለሻጩ በጽሑፍ ያሳወቁት መቼ ነው?» አለችኝ። ለካ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ቶሎ ማሳወቅ አለበት፣ ካሳወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱን ያጣል። ደግነቱ ደብዳቤዬን ሲቀበሉ ማኅተም አድርገውበታል። ከዚያ የውሉን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ የግልግል ዳኝነት የምትለውን አንቀጽ አሳየችኝ፤ ክርክር ከተነሳ ከፍርድ ቤት ይልቅ ተዋዋዮቹ በሚመርጧቸው ገላጋይ ዳኞች ይታያል ማለት ነው። ሁላችንም ሳናነብ የምንፈርምባት ዓይነት ነች። በቀጥታ ፍርድ ቤት ብንሄድ ኖሮ ሻጩ ይቺን አንቀጽ መዝዞ ይቃወማል፣ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 መሠረትም ፍርድ ቤቱ «ግልግል ሂዱ» ብሎ ይመልሰናል። ስለዚህ በግልግሉ ጀመርን። ሻጩ ማስረጃዎቹ ተደርድረው ሲያይ ለእርቅ ተቀመጠ፤ ሞተሩን ቀየረ፣ ከዋጋውም መለሰልኝ።

አሁን ወደሚያናድደው። ዋጋዋ ውድ ነው። ስልክ የምታነሳው ረዳቷ ነች፣ መልሷም ሁሌ «በኢሜይል ይላኩልን» ነው። ኦሪጅናል ሰነድ ሲፈለግ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትሩን መሄድ ነው፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው።

ልትቀጥሩ ካሰባችሁ የክፍያ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ የጉዞና የአበል ወጪም ለብቻው ይጻፍ። ውክልና ስትሰጡ መታረቅ እንደሚችል በግልጽ ካልተጠቀሰ ጠበቃው በእናንተ ስም መታረቅ አይችልም፤ እኔን ለዚህ ብቻ እንደገና ውክልና ቢሮ መልሰውኛል። ፈቃዱንም ጠይቁ። የፌዴራል ፈቃድ ያለው ሁሉ በክልል ጉዳይ ዞን ፍርድ ቤት ይቆማል ማለት አይደለም።

ቀጠሮ የሚበዛበት ክርክር ከሆነ ደግሞ የክርክሩን ጽሑፍ የአዲስ አበባዎቹ ያዘጋጁ፣ ችሎት የሚቆመው የደብረ ብርሃኑ ጠበቃ ይሁን። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከአዲስ አበባ ሰው እያስመጣችሁ አትችሉትም።