ጋዝ አልገጥምም ብለው ለመለሱኝ መካኒክ

የዛሬ ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቪትዟን ይዤ ሶማሌ ተራ ስደርስ ከኋላ የቤታችን የጋዝ ሲሊንደር ተጋድሟል። ባለቤቴን "ላስሞላው ነው" ብያት ነው የወጣሁት። ሐሳቤ ግን ሌላ ነበር፤ መኪናዋን ከቤንዚን ወደ ጋዝ ላዞራት።

ምን ላድርግ? ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ራይድ እሰራለሁ። ማደያ ሰልፍ ላይ የማጠፋው ሰዓት ሳያንስ መኪናዋ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች። በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ይቺ እኮ ቪትዝ ናት! በዚህ መሃል አንድ ልጅ "አንተ ሲሊንደር አምጣ እንጂ በአንድ ቀን ገጥሜ እሰጥሃለሁ" አለኝ። ቀብድ ልሰጠው ለሰኞ ተቀጣጠርን። መካኒኩ ጋሼ ጋ የሄድኩት ዋጋውን ላመሳክር ብዬ ብቻ ነው።

ጋሼ የኋላውን ከፈቱ። ሲሊንደሩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ወጥ መስሪያ ነው" አሉኝ።

ቱርክ ውስጥ ስንት መኪና በጋዝ እንደሚሄድ በስልኬ ላሳያቸው ስል "ሞተሩ መቼ እንቢ አለ?" ብለው አቋረጡኝ። የቤንዚን ሞተር በጋዝ ይሄዳል። ቱርክ፣ ጣሊያን፣ ፖላንድ፣ ደቡብ ኮሪያ ለዓመታት ሲነዱበት ኖረዋል። ጣጣው ጋዙ ከምን ወጥቶ፣ እንዴት ሆኖ ሞተር ጋ እንደሚደርስ ነው። ዘይት የነካው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ እየሳሉ አስረዱኝ።

የመኪና ጋዝ ታንክ ለዚሁ ተብሎ የሚሰራ ነው። ቫልቩ 80 በመቶ ሲሞላ ይዘጋል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ከታንኩ የሚወጣው ፈሳሹ ራሱ ነው። ሞተሩ አጠገብ ሬዲውሰር የሚባል ዕቃ ውስጥ ገብቶ ወደ ጋዝ ይቀየራል። ሲቀየር ደግሞ ክፉኛ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የሞተሩ ሙቅ ውሃ በሬዲውሰሩ ውስጥ እንዲዞር ይደረጋል፤ ያለዚያ በረዶ ይይዘዋል። ለዚህ ነው መኪናው ጠዋት በቤንዚን ተነስቶ ውሃው ሲሞቅ ወደ ጋዝ የሚዞረው።

የእኛ ሲሊንደር ይሄ ሁሉ የለውም። ከላይ የተነነውን ጋዝ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለምድጃ ይበቃል። ሞተር በሚፈልገው ፍጥነት ሲሳብ ግን ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንተም ቸርችል ዳገት ላይ ትቆማለህ። "እሱስ ቀላሉ ነው" አሉ ጋሼ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለሉ ላይ፣ ወንበር ስር ይተኛል። "ከኋላ ሚኒባስ ቢገጭህስ?" ሲሉኝ ማታ ማታ የማሳፍራቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። አፈርኩ።

አሁንም ልከራከር እችል ነበር። በሂሳብ ግን አፌን አስያዙኝ። 12.5 ኪሎ ጋዝ ወደ 23 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ጋዝ ግን የአንድ ሊትር ቤንዚን ጉልበት የለውም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሲሊንደር የ18 ሊትር ቤንዚን ያህል ቢያስኬድ ነው። ባለፈው ለማስሞያ የከፈልኩትን ለ18 አካፈሉት። ከማደያው ቤንዚን በለጠ! በስልኬ ደግሜ አሰላሁት። ያው ነው።

"አሁን ንገረኝ፣ መኪናዋ ለምንድነው የምትጠጣው?" አሉኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ካንዴላዎቹ አልቀዋል። የአየር ፊልትሮው በመንገድ ሥራው አቧራ ተደፍኗል። የኋላ ግራ ፍሬን ይዟል፤ መኪናዋ ተነስታ ጎማውን በእጄ ላዞረው ብል እንቢ አለኝ። ጉዱ ግን የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው። የለም! አምና ሌላ ቦታ "አገሩ ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም" ተብሎ ተነቅሎ ተጥሏል። እኔም ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጥቻለሁ። (ሐምሌ ላይ አዲስ አበባን ሙቅ ያለ ሰው ካፖርት የለውም ማለት ነው?) ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ስለሚቆጥር ቤንዚን ይጨምራል፣ ይጨምራል።

"ጋዙ ቢገባልህም እኮ ውሃህ ስለማይሞቅ በቤንዚን እንደሄድክ ትውል ነበር" ብለው ሳቁብኝ።

ሰኞ ዕቃ ገዝቼ መኪናዋን አስረከብኳቸው። "ሁለት ቀን" ያሉት አራት ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጋሼ ስልክ አያነሱም። ለምን ዘገየ ካላችኋቸው ይቆጣሉ። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። ግን የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል አድርገው ይመልሳሉ። የጠየቁኝም የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ ለልጁ ልከፍል ከነበረው ቀብድ ያነሰ። ከዚያ ወዲህ ባስሞላሁ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን እየጻፍኩ ለክቻለሁ። አሁን በሊትር 12 ገብታለች።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስምና ስልካቸውን እንዳልጽፍ "ያለኝ ሥራ ይበቃኛል" ብለውኛል። መኪናው የሚጠጣበት ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፣ ይዘጋሉ።

ያን ቅዳሜ ሲሊንደሩን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ በገመድ አስረው፣ "መስኮት ከፍተህ ሂድ" ብለው ሸኙኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ነቅነቅ አደረገችው።

"አላስሞላህም እንዴ?"

"ሰልፍ ነበር" አልኳት።